«አለኝ» እና «ይዣለሁ»

ሰው የሚያስፈልገውን ሊገዛ ይወጣና የሚያምረውን ተሸክሞ ይገባል። ይህ በጫማም በትዳርም የታወቀ ነው፤ በጠመንጃ ሲሆን ግን የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። እሜቴ ለምን ይህን የተረዳችው ሩቅ አገር በተማረችበት ትምህርት ቤት አይደለም፤ አንድ ረፋድ ላይ ከመለኪያ መሣሪያዋ ለወደቀባት ብሎን ምትክ ፍለጋ በገባችበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው።

«እሜቴ ለምን» የሚለውን ስም ያወጣላት አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም ነው። የምህንድስና ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ የከተማው ውሃ ቧንቧ ለምን በገደሉ በኩል እንደመጣ፣ ሰዉ ለምን ተሰልፎ እንደሚቀዳ ስትጠይቅ ሰማትና «ይቺ ልጅ ለምን ለምን ስትል ልትጨርሰን ነው» አለ። ስሙ በዚያው ተለጠፈባት። እውነትም ያለ ጥያቄ አታድርም፤ ማታ ለራሷ የሰጠችውን መልስ እንኳ ጠዋት ስትነሳ ትጠራጠረዋለች።

ሱቁ የጠመንጃ ሻጭና ጠጋኝ ሱቅ ነው። ባለቤቱን ሰው ሁሉ ዘይቴ ይለዋል፤ ጣቶቹ ዘይት ተለይቷቸው ስለማያውቅ የጨበጠው ሁሉ እጁን ሱሪው ላይ ሳይጠርግ አይሄድም። ብሎን የጠፋበት የሰዓት፣ የመነጽር፣ የስፌት መኪና ባለቤት ሁሉ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። እሜቴ ለምን በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ከባንኮኒው ፊት አጎቷ አንድ ትልቅ ጠመንጃ እንደ ሙሽራ አቅፎ ቆሟል።

አጎቷ የላይኛው ምንጭ ጠባቂ ነው። ለሳምንታት ብቻውን ተራራው ላይ ይከርምና የምንጩን አፍ ከቅጠልና ከደለል ያጸዳል፣ የፈነዳ ቧንቧ ይጠግናል። ባርኔጣው ትልቅ፣ ጫማው ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ ነውና ስሙ መድፌ ነው።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ እስቲ እያት፤ ይህችን ስታይ ምን ትያለሽ?»

«ለምን እንደሚገዟት ልጠይቅ ነበር።»

«ጀመረች» አለ መድፌ ወደ ዘይቴ ዞሮ። «ለአደጋ ነዋ! የድሮው መቀርቀሪያው ተሰብሯል። ሚስቴ፣ እትዬሽ፣ ደግሞ ምላለች፤ የሚታመን መሣሪያ ካልያዝኩ ከቤታችን በር አልወጣም። አልወጣም ማለት ሥራዬን ለሌላ ሰጥቼ የቤቴ መስኮት ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚ ልቆጥር ነው።»

ይህን ሲል ቢስቅም ሳቁ አልሞላም። ከሃያ ዓመት በላይ ያን ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ለኖረ ሰው መስኮት ማለት መቃብር ነው። እሜቴ ለምን ገባት።

«እንግዲህ እንነጋገር» አለችና ከጥግ የነበረችውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ባለፈው ክረምት ምን ሆነው ነበር?»

«ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው፤ እኔ ከወዲያ ቀረሁ። ስወርድ በረሃብ ከስቼ ሱሪዬን በገመድ አስሬ ነው የወረድኩት።»

«ቆቅ የለም እዚያ?»

«ቆቅማ እግሬ ሥር ይንደረደራል!»

«ያኔ ጠመንጃ አልነበረዎትም?»

«አለኝ እንጂ። እኔ መድፌ ያለ ጠመንጃ?»

«የት ነበር?»

«ከወንዙ ወዲህ ባለው የማድርበት ጎጆ ውስጥ ተሰቅሎ። ከባድ ነዋ! የቧንቧ ቁልፍ፣ ገመድ፣ መዶሻ ተሸክሜ በዚያ ዳገት ላይ ደግሞ እሱን?»

«እንግዲህ ጋሼ፣ ‹አለኝ› እና ‹ይዣለሁ› አንድ አይደሉም። ጠመንጃው ከወንዙ ወዲህ ነበር፤ እርስዎ ከወንዙ ወዲያ። ያለው ሰው ነበሩ፤ የያዘ ሰው ግን አልነበሩም።»

ዘይቴ ሳቁን ለመደበቅ ከባንኮኒው ሥር የሌለ ነገር ፈለገ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስልህ። በየቤቱ የተሰቀለ፣ የተቆለፈ፣ ለክፉ ቀን የተባለ ስንት ነገር አለ! ክፉ ቀን ግን ቤት ድረስ መጥቶ «ዕቃህን አንሳ» አይልም፤ ሰውን የሚያገኘው መንገድ ላይ፣ በእጁ ባለው ነገር ነው።

መድፌ ግን በአንድ ምት የሚወድቅ ዛፍ አልነበረም። «ደግ። ይዤው ብሆንስ? ቆቅን በዚህ ብመታው ላባውን ለትራስ ከመልቀም በቀር ምን ይተርፈኛል?»

«የኔን ክርክር እርስዎ ጨረሱልኝ። ለምን ቀላል፣ ቀጭን ጥይት የሚተኩስ አይይዙም? ጥይቱም በየሱቁ አለ፤ የዚህ ትልቁ ግን…»

«በትእዛዝ ነው የሚመጣው» አለ ዘይቴ። «መቼ እንደሚደርስ ግን አታስምሉኝ።»

«እንዴ፣ አንተ ሻጭ ነህ ወይስ የሷ ጠበቃ?» መድፌ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ አሳረፈና ጣቱን አነሳ። «አሁን እኔ ልጠይቅሽ፣ ምሁሯ። ነብርስ? በቀጭን ጥይት ነብር ማቁሰል ከነብር ጋር መጣላት አይምሰልሽ፤ መጋባት ነው። እስከ ሞት አብራችሁ ናችሁ።»

እሜቴ ለምን ይህን ተቀበለች። እውነቱን ነው። በልቧ ደግሞ ከዚህም የባሰ ጥርጣሬ ነበራት፤ ከነጭራሹ ጠመንጃ ለምን ያስፈልጋል? ፉጨትና ሬዲዮ አይበቃም? ይህንንም ሳትደብቅ ተናገረችው።

«ሬዲዮው በዝናብ ታፍኖ ይሞታል» አለ መድፌ፣ አሁን በለሰለሰ ድምፅ። «ፉጨቱም ሰው ይጠራ ይሆናል፤ ሰው እስኪመጣ ግን ምን ልበላ ነው? ፉጨቴን?»

«ተረታሁ። ጠመንጃ ያስፈልጋል። ግን ጋሼ፣ በነብር ላይ ስንት ጊዜ ተኩሰዋል?»

«አንድም ቀን። ድምፄን ሲሰማ ይሄዳል።»

«ስለዚህ ከነብር ያዳነዎት ድምፅዎ ነው።»

«ድምፁስ ከዘመድ ከወዳጅም አድኖታል» አለ ዘይቴ። ሦስቱም ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ እሜቴ ለምን ዘይቴን ጠየቀችው። በተማረችበት አገር በምድረ በዳ ላይ የሚበሩ አብራሪዎች ከወንበራቸው ሥር የሚያስቀምጡትን ታጣፊ ጠመንጃ አይታ ነበር፤ እሱን የመሰለ ነገር ይኖር እንደሆነ። ዘይቴ ከኋላ መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ነገር አውጥቶ አራገፈው። አንዱ አፈሙዝ በአንዱ ላይ ተደርቧል፤ ለሁለት ሲታጠፍ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። የላይኛው ቀጭን ጥይት ይተኩሳል፤ የታችኛው እንዳጎረሱት ነው፤ ወይ ብትን እርሳስ፣ ወይ አንድ ወፍራም ፍሬ።

«ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ የተሰበረ ጃንጥላ?» አለ መድፌ። «ይህን አንግቼ በገበያ ባልፍ ሰው ምን ይለኛል?»

«ተራራው ላይ ገበያ አለ እንዴ?»

በመጨረሻ ሁለቱም መሣሪያዎች በከተማው ጫፍ ባለው የድንጋይ ካባ፣ ዘይቴ በሚሞክርበት ቦታ፣ እንዲሞከሩ ተስማሙ። መድፌ ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የወሰደውን የመሣሪያ ከረጢት እንዳዘለ ነበር። «አውርደው ይሂዱ» አለው ዘይቴ። «የለም» አለች እሜቴ ለምን፣ «ተራራ የሚወጡት ከረጢቱን ይዘው አይደል?» መድፌም ትልቁን ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ፣ «ጃንጥላ» ያለውን በከረጢቱ ሽንጥ ሰክቶ፣ እያፏጨ መንገድ ጀመረ።

የካባው ዳገት ረጅም አይደለም፤ ቀጥ ያለ ግን ነው። በመጀመሪያ ፉጨቱ ቆመ። ቀጥሎ ወሬው ቆመ። ከዚያ መድፌ ማንገቻውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያቀያይር ጀመር፤ አፈሙዙ የቁጥቋጦ ቅርንጫፍ በያዘ ቁጥርም ቆሞ ያላቅቃል። እኩሌታው ላይ ደርሶ ላቡን በባርኔጣው ጠረገና እጁን ወደ እህቱ ልጅ ዘረጋ።

«እስቲ ይህችን ያዢልኝ።»

ያዘችለት። ጥቂት እንደሄዱ ዘወር ብላ በጨዋ አንደበት ጠየቀችው። «ጋሼ፣ አሁን ጠመንጃ አለዎት?»

መድፌ እንደ ልማዱ «አለኝ…» ብሎ ጀመረና ያለው ነገር በማን ትከሻ ላይ እንዳለ አየ። ቆመ። ተራራውን የሚያውቅ ሰው ነውና በዓይኑ የመጣለት ይህ የካባ ዳገት አልነበረም፤ ያ የጎጆው ግድግዳና እዚያ የተሰቀለው ብረት ነበር። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና እስኪያስለው ሳቀ።

«በቃ» አለ። «ልጄ፣ አሁን የሚይዝልኝ አንቺ አለሽ። እዚያ ላይ ማን አለ?»

ካባው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆርቆሮ አቁመው ሞከሩ። መድፌ በጃንጥላው የላይኛው አፈሙዝ ቆርቆሮውን ሁለቴ በሳው፤ በታችኛው ደግሞ ከነድንጋዩ አነሳው። እሜቴ ለምን በተራዋ ተኩሳ ቆርቆሮውንም፣ ድንጋዩንም፣ ከኋላው የነበረውን ግድግዳ የሚያህል ቋጥኝም ሳተች። «ምክሩ ካንቺ፣ ተኩሱ ከኔ» አለ አጎቷ፤ በዚህም ማዕረጉ ተመለሰለት።

መድፌ ትልቁን መልሶ ታጣፊውን ገዛ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። ፈቃዱ እንዲታደስ፣ ቤት ሲገባ ጥይቱ ወጥቶ ለብቻው እንዲቆለፍ፣ አንድ ነገር ቢደርስበት ሦስት ጊዜ ተኩሶ፣ ጥቂት አረፍ ብሎ ሦስት እንዲደግም አስማማችው። ለነብር የሚበጀው ግን መራቅ፣ እሳትና ያ ድምፁ እንደሆነ፣ ወፍራሙ ፍሬ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ እንደሆነ እሱ ራሱ ጨመረ። ቤት ሲደርሱም እትዬ ጠመንጃውን አገላብጣ አየችና «እውነት ይህን ከትከሻህ አታወርድም?» አለችው። «ስተኛ ብቻ» አለ። ፈቀደች።

ክረምቱ ሲገባ የከተማው ውሃ ድንገት ቀነሰ። እሜቴ ለምን ከጠጋኞች ጋር ቧንቧውን ተከትላ ስትወጣ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ሦስት ተኩስ ሰማች። ጠጋኞቹን አስቁማ አዳመጠች። ተኩሱ ጥቂት አረፈ። ከዚያ ሦስት ተደገመ። እየሮጡ ደረሱ። መድፌ የፈነዳውን ቧንቧ ሊደፍን ሲወርድ አንሸራቶት ጉልበቱ ዞሯል፤ ጎጆው ከላይ ሩቅ ነው፤ ሬዲዮው እንደፈራው ውሃ ጠጥቶ ዝም ብሏል። እሱ ግን ዋሻ አፍ ላይ እሳት አንድዶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የቆቅ አጥንት ይግጣል። ጠመንጃው በትከሻው ነው።

«ትንሽ ብትዘገዩ ምን ነበር?» አለ። «ሌላዋ ቆቅ ልትመጣ ነበር።»

በቃሬዛ ሲያወርዱት ዝም አላለም፤ ተሸካሚዎቹን ሁሉ አስተማረ። ቤት ገብቶ ጉልበቱ ታስሮ ሲተኛም ጠያቂ በመጣ ቁጥር ትምህርቱ ይቀጥላል፦ ለክፉ ቀን የሚሆን መሣሪያ የሚሸከሙት ቀላል ይሁን፤ የማትሸከመው የአንተ አይደለም። ጥይቱ በቅርብ ሱቅ የሚገኝ ይሁን። ለማጽዳት ሊቅ የማይጠይቅ፣ ዝናብ የማያኮርፈው ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ተለማመድበት፤ እጅህ ያላወቀው ነገር በጭንቅ ቀን ባዕድ ነው። ይህን ብሎ ያችን ጃንጥላ አጣጥፎ፣ ዘርግቶ ያሳያል።

ትልቁን ጠመንጃ ሊገዛ ዘይቴ ሱቅ እየተመላለሰ ዋጋ ሲከራከር የነበረው ጎረቤታቸው ሳይቀር ይህን ሰምቶ ሐሳቡን ቀየረ። እሜቴ ለምን ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ ሰው የተማረውን ሲያስተምር ማየት ከክርክር ማሸነፍ ይልቅ እንደሚጣፍጥ ተሰማት። በዚህ ሐሳቧ ላይ እንኳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥርጣሬ አልያዛትም።

እትዬ ግን ለጠያቂው ውሃ ልታቀብል ገብታ ባሏን አየት አደረገችና ለእሜቴ ለምን በጆሮዋ አለቻት፦

«ድሮ ስለ ጠመንጃው ትልቅነት ሲያወራ ይውል ነበር፤ አሁን ስለ ትንሽነቱ ሲያወራ ይውላል። ልጄ፣ ተምረሽ መጥተሽ ጠመንጃውን አሳነስሽልኝ፤ ወሬውን የሚያሳንስ ትምህርት ግን እዚያም የለም ማለት ነው?»