መርዶ በስልክ

ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በታክሲ ስንሄድ አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ ወንድሟ ደወለላት። ታክሲው ስለሚንጫጫ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ቶሎ ነይ፣ እማዬን ትንሽ አሟት ነው።»

«ትንሽ ከሆነ አገናኘኝ፣ ላናግራት።»

«ተኝታለች።»

«ቀስቅሳት! ሞታ ነው እንዴ?»

«ነይ ብቻ።»

ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ቤት ስትደርሺ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግርሻል።»

«አባባ፣ ውሸቱስ በስልክ ይነገራል?»

«ደንግጠሽ እንዳትወድቂ ተብሎ ነው።»

«ብወድቅም አውቄ ልውደቅ! ሰፈሩ ሁሉ ይሄኔ በቴሌግራም ተነጋግሯል፣ ልጇ እኔ ብቻ ልታለል? ወንድሜ፣ ንገረኝ!»

«ጠዋት አረፈች።»

«አዎ፣ እንዲህ በለኝ።»

እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ።