የባቡ ሸኩዌ ሌሶና የዙወይና የቃል ደመና

እናንተ ወዳጆቼ፣ ስልክ ጊዜ መብሊያ ብቻ ነው የምትሉ ከሆነ ትንሽ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እኔ ልጆቼን አሳድጌ የዳርኩ፣ ሰላቴን ጠብቄ የማድር ሴት ነኝ፤ ለወሬ ብዬ አይደለም የማጫውታችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ጠርዙን የቀመቀምኩትን ሌሶ፣ የሴት ሽርጥ ማለት ነው፣ ታቅፌ ወደ ባቡ ሸኩዌ ሱቅ ሄድኩ። የሞምባሳ ሴት ሌሶዋን ሳታገለድም ከቤት አትወጣም፤ ስትገዛው ደግሞ ከቀለሙ በፊት የምታየው ጠርዙ ላይ የታተመውን አባባል ነው። ባቡ ሸኩዌ፣ ባቡ ማለት አያት ነው፣ አባባሉን ራሳቸው እያሰቡ የሚያሳትሙ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ስደርስ ናይሮቢ ተምራ ከመጣችው የልጅ ልጃቸው ከዙወይና ጋር ክርክር ተያይዘዋል።

«እሰይ መጣሽልኝ፣ ማማ አቡዲ» አሉኝ። «ይቺ ልጅ ደመና ልትሸጥልኝ ነው።»

«አልሸጥኩም ባቡ፣ በነጻ ነው ያሳየሁዎት» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዒድ የሚወጣው ሌሶ አባባል በማግስቱ ለማተሚያ ቤቱ መላክ ነበረበት። ያለፈው ዓመት ሌሶ ግን እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ይኸኛውም ካልተሸጠ ባቡ ሱቁን ሊዘጉት ነው፤ እኛ ጠርዝ የምንቀመቅም ሴቶችም ቤታችን መቀመጣችን ነው። ያልተሸጠው ሌሶ ላይ የተጻፈው «ምቀኛዬ ሆይ፣ ቅናትሽ አንቺን ያከሳሻል እንጂ እኔን አይነካኝም» የሚል ነበር።

«ሴት ጎረቤቷን ካልወጋችበት ሌሶ ምን ይሠራላታል?» አሉ ባቡ። «ከወጣትነቴ ጀምሮ በዚሁ ነው የኖርኩት። ማታ ከመግሪብ ሰላት በኋላ እዚህ መደብ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፣ አባባሉ ራሱ ይመጣልኛል።»

«መደቡ ላይ የሚቀመጡት እነማን ናቸው ባቡ?»

«የተከበሩ ሰዎች ናቸዋ።»

«ወንዶች ናቸው። ከነሱ ውስጥ ሌሶ የሚያገለድም አለ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ባቡ ገላመጡኝ።

ዙወይና ስልኳን ዘረጋችልን። ቃላት ተበትነውበታል፤ አንዳንዱ ግዙፍ፣ አንዳንዱ ጉንዳን የሚያክል። «ሴቶች በሱቃችን የፌስቡክ ገጽ ላይ የጻፉልንን ሁሉ ሰበሰብኩት» አለች። «የቃል ደመና ይሉታል። ደጋግመው የጻፉት ቃል ይገዝፋል፣ አልፎ አልፎ ያነሱት ያንሳል። የሰው ልብ ምን ላይ እንዳለ ከሩቅ ይታያል።»

«የሰው ጓዳ ማድመጥ ሐራም ነው» አሉ ባቡ ኮስተር ብለው።

ይሄ እኔንም ከንክኖኝ ነበር። ዙወይና ግን አልተቆጣችም። «እውነትዎን ነው። የማንንም የግል መልእክት አልነካሁም። ይሄ እነሱው በአደባባይ የጻፉት ነው፤ ስማቸውንም አጥፍቼዋለሁ።»

«እሺ፣ ይሁን። ገበያ መሀል አብዝቶ የሚጮኸው አህያ ነው። አህያውን ልስማው?»

«አህያውንማ አስወጣሁት። መጀመሪያ የገዘፉት 'ነው'፣ 'እና'፣ 'ስንት ነው' የሚሉት ነበሩ። ከምስር ጠጠር እንደሚለቀም ለቅሜ ጣልኳቸው። አሁን ይዩት።»

ባቡ መነጽራቸውን አደረጉ። ከሁሉ የገዘፈው ቃል «ድካም» ነው፤ አጠገቡ «እናቴ»። «ምቀኛ»ን ፈልገው ፈልገው ጥግ ላይ አገኟት።

«ይኸው! ሴቱ ሁሉ ሰንፏል» አሉ። «'ሰነፎች ተኙ' ብዬ ላትምላቸው?»

«ቃሉ ብቻውን አይበቃም ባቡ። ወደመጣበት ተመልሶ ማንበብ ነው» አለችና ታነብላቸው ጀመር። አንዷ «እናቴ እኔን ለማስተማር ማሃምሪ ብስኩት እየጠበሰች ስትሸጥ ደክማ ቀረች» ብላለች። ሌላዋ «የእናቴን ድካም በምን ልካሰው? ለዒድ ምን ልስጣት?» ትላለች። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ «የእናቴ ድካም እዚህ መጥቼ ነው የገባኝ» ብላ ጽፋለች።

ባቡ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «እኛ መደብ ላይ ይሄን አንስተነው አናውቅም» አሉ ቀስ ብለው።

«አባባሉን ግን ደመናው አይጽፈውም» አለች ዙወይና። «እሱ የእርስዎ ሙያ ነው። እኔ ስሞክረው እንደ መድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ሆነብኝ።»

«ታድያ ምን አጣደፈሽ፣ አንቺ ልጅ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ትንሽ ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «እናቴ ደክመሽልኛል፤ አሁን እኔ ጥላ ልሁንሽ።»

ዙወይና ጻፈችው።

ረመዳን ሳይጋመስ ሌሶው አለቀ፤ እንደገና ታተመ። የምንቀመቅመው እኛ አልበቃ ብለን ሌሎች ሴቶች ጠራን። አንድ ቀን አንዲት ማንበብ የማይችሉ እናት ልጃቸው የላከችላቸውን ሌሶ ይዘው መጡና «ምን እንደሚል ያንብቡልኝ» አሏቸው ባቡን። ባቡ ራሳቸው ያሰቡትን አባባል ማንበብ ጀመሩ፤ «ደክመሽልኛል» ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ሌሶውን ለእኔ አቀበሉኝ። የቀረውን እኔ ጨረስኩላቸው።

ይቺን ልጅ አላህ ይባርካት። የሽማግሌውን ሙያ አልነጠቀችም፤ የሚሰማበትን ጆሮ አሰፋችለት እንጂ። አሁን ባቡ አዲስ ሌሶ ሊያሳትሙ ሲሉ «ደመናው ምን ይላል?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ሱቁም አለ፣ እኛም እንጀራችንን እንበላለን።

እንግዲህ እናንተም ለሰው የምትሰፉ፣ የምታበስሉ፣ የምታስተምሩ፣ ሰው በግልጽ የጻፈላችሁን አንዴ ሰብስባችሁ እዩት። የገዘፈውን ቃል ስታገኙ ደግሞ ተመልሳችሁ አንብቡት። አደራችሁን።