የድንጋዩ ዓሣ

እስከ ዛሬ ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ላውጋችሁ፤ ብቻ አትሳቁብኝ። በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ሳይንስ ሳስተምር፣ ትምህርት ቤታችን አንድ ብርቅ ነገር ነበረው፤ ዘሩ ከምድር የጠፋ የጥንት ዓሣ አጥንቱ የታተመበት ድንጋይ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው አቧራውን ስጠርግ ከእጄ አምልጦ ደቀቀ። ምን ይዋጠኝ! ለምሳ የበላሁትን ቆሮሶ ዓሣ አጥንቱን እርጥብ የሸክላ ጭቃ ላይ ተጫንኩት፤ አደረቅሁና አመድ ቀባሁት።

ተቆጣጣሪው ሸክላዬን ከፍ አድርጎ ለተማሪዎቹ፣ «ይህን ዓሣ በሕይወት ያየ ሰው የለም!» ሲል፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚያጠምዱት ዘበኛችን ጋሽ ሰይድ ከበር ሆነው፣ «ኧረ ጓድ፣ ይሄማ ቆሮሶ ነው! ከትናንት ወዲያ ለመምህርቷ የሸጥኩላት!» አሉ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔ ግን እንጀራዬ ሲቆረጥ ታየኝ። ጋሽ ሰይድ ፊቴን አዩና፣ «አስተግፊሩላህ፣ ተሳስቻለሁ! ዓይኔ ደክሟል» ብለው ወጡ።

ተቆጣጣሪው አመስግኖኝ ሄደ። በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ሁለት ቆሮሶ አንጠልጥለው ደጄ ቆሙ። «እንኪ ልጄ» አሉኝ፣ ሳቃቸውን አፍነው፤ «የነዚህን አጥንት ግን ለድመት ስጪ።»