ድንበር ያልዞረው ስክሪፕት

ከአዲስ ቅዳም ወደ እንጅባራ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎናቸው የተቀመጠውን የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራውን ጠየቁት።

«እንጅባራ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ አርባ ኮምፒውተሮች በፋይል መልክ ተቀምጠዋል፣ አባባ። ሳላበራቸው ዲስካቸው ውስጥ እየገባ አሮጌ ፋይል በራሱ የሚያጠፋ የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ስክሪፕት የምንለውን፣ ጽፌ ባለፈው ሳምንት ለቀቅሁት።»

«ውስጣቸውን ሳታይ?»

«አርባውን ማን ያያል?»

«እኛ ለከሰል የተከልነውን ዛፍ ስንቆርጥ፣ መጀመሪያ ጎረቤት ጠርተን ድንበሩን አብረን እንዞራለን።»

«ቢሳሳትም መጠባበቂያ ቅጂ አለው።»

«የት?»

«እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር።»

«እህ።»

«እርስዎስ ወዴት ነዎት?»

«እንጅባራ፣ መሬት አስተዳደር። የመሬቴ ማስረጃ ከኮምፒውተር ጠፋ ተብዬ፣ በዚህ ሳምንት ስመላለስ ይኸው ሦስተኛዬ ነው።»

«ወራጅ አለ!» አለ ባለሙያው።

እንጅባራ ለመድረስ ገና ነበር፤ በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ግን እግሬን አልሰበሰብኩለትም።