የአቶ ለሜሳ ገንዳ

(ቢሾፍቱ፣ ረፋድ ላይ። ጡረታ የወጡት የአውሮፕላን መካኒክ አቶ ለሜሳ በጎረቤታቸው በወይዘሮ ጥሩወርቅ ጓሮ፣ ሁለቱን ግቢ ከሚለየው ግንብ ሥር ሜትር ይዘው ቆመዋል።)

ጥሩወርቅ፦ አይሆንም ብዬሃለሁ። ደግሞ ሜትሩን ምን ያስዘረጋሃል?

ለሜሳ፦ የአራት ጣት ቀዳዳ እኮ ነው የጠየቅኩሽ ጥሩዬ። ቧንቧው በዚያ ያልፋል፣ አለቀ።

ጥሩወርቅ፦ የዓሣህን እጣቢ ጎመኔ ላይ ልትለቅብኝ።

ለሜሳ፦ ጎመንሽ ቢያውቅ ራሱ መጥቶ ይለምነኝ ነበር። ማዳበሪያ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እንዲያ ከሆነ በራስህ ግቢ አታፈሰውም?

ለሜሳ፦ የእኔ ግቢ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ገንዳውን የቆፈርኩት ዝቅ ያለው ጥግ ላይ፣ ከዚሁ ግንብ ማዶ ነው። ከዚያ በታች ያለው ያንቺ ጓሮ ብቻ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ዕድሜህን ሙሉ አውሮፕላን ስትጠግን ኖረህ፣ ቆሻሻው በየት እንደሚወጣ ሳታስብ ገንዳ ሠራህ?

ለሜሳ፦ ሁሉንም አስቤያለሁ። ውሃው ከገንዳው ሥር ወጥቶ ጠጠር ያለበት በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ስፖንጅ ወዳለበት ያልፋል፣ ከዚያ ፓምፑ ንጹሑን ይመልሰዋል። ብታዪው እኮ ትወጂዋለሽ።

ጥሩወርቅ፦ እና ምን ጎደለ?

ለሜሳ፦ በርሜሎቹ በየሳምንቱ መታጠብ አለባቸው። እጣቢው መውጫ የለውም። እሱን ረሳሁት።

ጥሩወርቅ፦ በባልዲ ቅዳዋ።

ለሜሳ፦ በዚህ ወገብ? ሞክሬ ሦስት ቀን ተኛሁ። ሁለቱ የሞቱትም ያኔ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ዓሦቹ? ምነው ታዲያ ለቅሶ ሳትጠራኝ?

ለሜሳ፦ ቀልጂ አንቺ። የጃፓን ዓሦች ናቸው፣ ቆሻሻ ውሃ አይችሉም። የቀሩት ዘጠኙ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። እስከ እሑድ አይቆዩልኝም።

ጥሩወርቅ፦ ለዓሣ ነው እንዲህ የምትሆነው?

ለሜሳ፦ ጠዋት በሩን ስከፍት ተሰብስበው ወደ እኔ ይመጣሉ። ሌላ ማን ይመጣልኛል?

ጥሩወርቅ፦ በየት በኩል ይምጣልህ? ይህን ግንብ ማን ገነባው?

ለሜሳ፦ እኔ።

ጥሩወርቅ፦ ሃያ ስድስት ዓመት በመካከላችን አጥር አልነበረም። ባለቤትህ ካረፈች ጀምሮ ቤትህን ስጠርግ፣ ወጥህን ስሠራ ከርሜ፣ አንድ ጠዋት ብነሣ ድንጋይ ተከምሯል። ያኔ ያላማከርከኝ ሰው ዛሬ ለቧንቧ ታማክረኛለህ?

ለሜሳ፦ ሳለቅስ እንዳታዪኝ ብዬ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ምን አልክ?

ለሜሳ፦ በረንዳው ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ጓሮ ነሽ። አፈርኩ።

ጥሩወርቅ፦ እኔኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀየምከኝ መስሎኝ፣ ምን ብዬው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ነው የኖርኩት።

ለሜሳ፦ አንቺ ምን አጠፋሽ። ይቅር በይኝ ጥሩዬ። በቃ ቀዳዳውም ይቅር፣ ዓሦቹን ሐይቁ ዳር ላለው ሎጅ እሰጣቸዋለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ማን ስጥ አለህ? ሂድ መዶሻህን አምጣ።

ለሜሳ፦ የምርሽን ነው? አራት ጣት ብቻ ነው የምበሳው፣ ዙሪያውንም በሲሚንቶ እደፍንልሻለሁ።

ጥሩወርቅ፦ እሱ ለቧንቧህ ነው፤ እኔስ በየት ልለፍ? በእኔ ልክ አፍርሰው። ደግሞ በድሮው እንዳትለካኝ፣ ወፍሬያለሁ።