ሦስተኛው መደርደሪያ

ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ነበርን፤ እኔ መስኮቱ ጥግ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት መሃል፣ ዶሮ ያቀፉ ገበሬ ከዳር።

«አዴ፣ ብቻሽን ወዴት ነው?» አሏት ገበሬው።

«መሥሪያ ቤት ጠርተውኝ ነው፣ ኦቦ። መዝገብ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ግን ‹ሥራውን መሥራት አትችልም› ብለው ሊያሰናብቱኝ ወሰኑ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ጠሩሽ?»

«የግል ማህደሬ ጠፋባቸው። ያለ እሱ የስንብት ደብዳቤው አይጻፍም።»

ገበሬው ሳቁ። «እሰይ! እንግዲያ አትባረሪም!»

«ያለበትን እኔ አውቃለሁ።»

«ሳታዪ?»

«በእጄ አገኘዋለሁ። ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ አምስተኛው። የሌላ ሰው ማህደር ሲጠፋባቸውም የሚደውሉት ለእኔ ነው።»

«ዝም በያ! ‹አላውቅም› በያቸው።»

«አሥራ ስድስት ዓመት የአንድ ሰው ማህደር አልጠፋብኝም፣ ኦቦ። አሁን የራሴን ላጥፋ?»



ሚኒባሱ የመሥሪያ ቤቷን ኩርባ እንደዞረ «ወራጅ አለ» አለች።

የእኔ መውረጃ ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረው ነበር፤ ማህደሩን በእጇ ስታወጣ ለማየት ተከትያት ወረድኩ።