ብርቱካን ይዞ የመጣው ባለሱቅ

ከመሃል ከተማ ወደ አሞራ ገደል በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ክንዳቸው በፋሻ የተጠቀለለ እናት ናቸው። አጠገባቸው ያለችው ደግሞ የሕግ ተማሪ መሆኗን ከወሬዋ ነው ያወቅኩት።

«እጅዎን ምን ሆነው ነው፣ እማማ?»

«የእንፋሎት ድስት ፈንድቶብኝ ነው፣ ልጄ። ቦሎቄ ጥጄበት፤ ከተገዛ ገና ሦስተኛ ቀኑ።»

«ሳይተነፍስ ከፍተውት ይሆን?»

«እኔ መቼ ነካሁት። ወዲያ ዞሬ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የዕቃው ነው። ባለሱቁን መክሰስ ይችላሉ።»

«ደረሰኝ እኮ የለኝም።»

«ሲገዙ ያየ ሰው ይመሰክርልዎታል። ዋናው ድስቱ ነው። ባለሙያ አይቶ ጉድለቱን ለፍርድ ቤት ያስረዳል። ብቻ እንዳይጥሉት።»

«ባለሱቁ ወሰደው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ልጠይቅ ብሎ ከነሚስቱ መጣ፣ ብርቱካን ይዞ። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። ሲወጣ ‹ይሄን ጠንቅ ከዓይንዎ ላርቅልዎት› ብሎ ድስቱን አነሳው። እኔም መርቄ ሸኘሁት።»

«አሁን መልስ ቢሉትስ?»

«ልጄን ልኬበት ነበር። ‹የምን ድስት?› አለው።»



«ይዞት ሲወጣ ያየ ጎረቤት የለም?»

«ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ሁሉም የሚያስታውሱት ግን ብርቱካኑን ነው።»

የታመመ ዘመዴን ልጠይቅበት የገዛሁትን ብርቱካን ከጭኔ ላይ አንስቼ ወንበሩ ሥር ሸሸግኩት።